ስናፕድራገን ኤክስ ኤሊት፦ የብዙ ኩባንያዎች እጅ ያረፈበት ቆጣቢ ፕሮሰሰር

ፕሮሰሰርን ነጥሎ መገምገም አስቸጋሪ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደው ላፕቶፑን እንጂ ፕሮሰሰሩን አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ጥሩም ሆነ መጥፎ ጠባዩ የሚገለጠው ከስክሪኑ፣ ከባትሪው፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ከላፕቶፑ ሠሪ ጥንቃቄ ጋር ተደባልቆ ነው። እንዲያም ሆኖ ስለ ስናፕድራገን ኤክስ ኤሊት ለመጻፍ የወሰንኩት ከአንድ ዓመት በላይ በየቀኑ ስሠራበት ከቆየሁ በኋላ የትኛው ጠባይ ከየትኛው ተባባሪ እንደመጣ መለየት ስለጀመርኩ ነው። የላፕቶፑን ስም የማልጠቅሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የምመዝነው ፕሮሰሰሩንና ፕሮሰሰሩን ያስገኘውን ትብብር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተባባሪዎቹ ቁጥር ቀላል አይደለም። ሶፍትዌር ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚግባባበት የትእዛዝ ስብስብ የእንግሊዙ የቺፕ ነዳፊ ድርጅት የአርም ነው። ኦራዮን የሚባሉት ኮሮች፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች፣ ሥረ መሠረታቸው ኑቪያ በተባለ ድርጅት ውስጥ የተጣለ ሲሆን፣ ኑቪያን በ2019 ያቋቋሙት ቀደም ሲል በአፕል ቺፕ ሲነድፉ የነበሩ መሐንዲሶች ናቸው፤ የፕሮሰሰሩ ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ኳልኮም በ2021 ድርጅቱን በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ንድፉን ከራሱ የግራፊክስ ክፍል ጋር አዋሐደው። ቺፑን በ4 ናኖሜትር የአመራረት ሂደት የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ዊንዶውስ 11ን አሰናዳለት፤ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ፣ ሳምሰንግ፣ አሱስና ኤሰር ደግሞ በዙሪያው ላፕቶፖች ሠሩ። ፕሮሰሰሩ በኦክቶበር 2023 ይፋ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ላፕቶፖች በጁን 18 ቀን 2024 ለገበያ ቀረቡ። አስቀድሜ ፍርዴን ልስጥ፦ የዚህ ፕሮሰሰር ትልቁ ብልጫ የተገኘው ከዚህ ትብብር ነው፤ ያስቸገረኝ ነገር ሁሉ ደግሞ የመጣው ትብብሩ ካልደረሰበት ቦታ ነው። ልብስ ሲያረጅ ቀድሞ የሚተረተረው ስፌቱ እንደሆነ ሁሉ፣ የዚህም ዕቃ ድካም ያለው አንዱ ኩባንያ ሥራውን ጨርሶ ሌላው በሚረከብበት መስመር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብልጫው። የእኔ ሥራ በአብዛኛው ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ሠንጠረዥ ማገላበጥ፣ ብዙ ገጾች ከፍቶ ማንበብና በየመሀሉ የቪዲዮ ስብሰባ መካፈል ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ጠዋት የሞላሁት ባትሪ ማታ ሥራዬን ስዘጋ ተርፎ አገኘዋለሁ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ቻርጀሩን ይዤ መውጣት ተውኩ። ይህ በማስታወቂያው የተነገረ ስለነበር ብዙም አልደነቀኝም። የደነቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ላፕቶፑ ከሶኬት ሲነቀል ፍጥነቱ አይወድቅም። ቀደም ብዬ የተጠቀምኩባቸው ላፕቶፖች ቻርጀሩ በተነቀለ ቅጽበት የሚሰነፉ ነበሩ፤ ፕሮሰሰራቸው ሙሉ ፍጥነቱን ለመስጠት የሚጠይቀው ኃይል ባትሪውን በአጭር ጊዜ ስለሚጨርሰው፣ ሠሪዎቹ በባትሪ ሲሠራ ልጓም ያበጁለት ነበር። አንድ ላፕቶፕ በባትሪ ረጅም ሰዓት መቆየቱን ብቻ ሳይሆን በዚያ ረጅም ሰዓት ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ መጠየቅ እንደሚገባ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ብልጫ እንቅልፉ ነው። ክዳኑን ማታ ዘግቼ ጠዋት ስከፍተው የባትሪው መጠን ካቆምኩበት ብዙም ሳይርቅ አገኘዋለሁ፣ ስክሪኑም ወዲያው ይበራል። የቀድሞው ላፕቶፔ ግን ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ከገባ በኋላ በራሱ ጊዜ እየነቃ፣ ቦርሳውን እንደ ምጣድ አግሎ ባትሪውን ባዶ አድርጎ የጠበቀኝ ቀን አንድ ሁለት አይደለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። ኳልኮም ለረጅም ዓመታት የስልክ ቺፕ ሲነድፍ የኖረ ድርጅት ነው፤ ስልክ ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜውን ኪስ ውስጥ ተኝቶ መልእክት የሚጠብቅ ዕቃ በመሆኑ፣ የማያስፈልገውን የቺፕ ክፍል ሁሉ አጥፍቶ ጥቂቱን ብቻ ነቅቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ለስልክ ቺፕ ነዳፊ የህልውና ጉዳይ ነው። ላፕቶፔ የወረሰው ይህንን ልማድ ነው።

ቁጠባው እንዴት እንደሚገኝ ትንሽ ማብራራት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የተምታታ ነገር ይነገራል። አንድ ትራንዚስተር ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚበላው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀነስ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። የፕሮሰሰሩን ምት፣ ማለትም ሥራውን የሚያራምድበትን ትርታ፣ ለማፋጠን ግን ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ የግድ ይሆናል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት የሚከፈለው ኃይል ከሚገኘው ጥቅም ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ብልህ ነዳፊ የሚያደርገው በእያንዳንዱ ምት ብዙ ሥራ የሚሠራ ሰፊ ኮር አበጅቶ ምቱን መካከለኛ ላይ ማቆየት ነው። የኦራዮን ኮር በአንድ ምት እስከ 8 ትእዛዞችን መተርጎም ይችላል። ይህን ስፋት ቀለል ያደረገው የአርም ባለ 64 ቢት ትእዛዞች ሁሉም እኩል 4 ባይት መሆናቸው ነው፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የትእዛዝ ስብስብ፣ በኤክስ86፣ አንድ ትእዛዝ ከ1 እስከ 15 ባይት ሊረዝም ስለሚችል፣ ቀጣዩ ትእዛዝ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ብቻ ተጨማሪ ሥራ ያስፈልጋል።

ኮሮቹ በጠቅላላው 12 ሲሆኑ በአራት በአራት ተቧድነዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን 12 ሜጋባይት የጋራ ፈጣን ማህደር አለው፣ ሁሉም የሚጋሩት 6 ሜጋባይት ሲታከልበት ድምሩ 42 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ ለቁጠባ ትልቅ ትርጉም አለው፤ መረጃን ከቺፑ ውጪ ካለው ዋና ማህደር ማምጣት ከስሌቱ ከራሱ የበለጠ ኃይል የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነውና። አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ አጠራጥሮኝ ነበር። አርም በ2011 ትልቅና ትንሽ ኮሮችን በአንድ ቺፕ ላይ የማጣመር ስልት ካስተዋወቀ ወዲህ የስልክ ቺፖች ሁሉ ማለት ይቻላል ያንን መንገድ ተከትለዋል፤ ቀላሉን ሥራ ለትንሹ፣ ከባዱን ለትልቁ። እዚህ ግን 12ቱም ኮሮች አንድ ዓይነት ናቸው። ጥርጣሬዬ በአጠቃቀም ላይ አልተረጋገጠም። ሰፊው ኮር ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ቶሎ ስለሚተኛ፣ በጽሑፍና በንባብ ሰዓት ላፕቶፑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ የማቀዝቀዣ ማራገቢያውን ድምፅ የምሰማው ቪዲዮ በማቀናብርበት ወይም ትልቅ ፕሮግራም በምገነባበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ በደንብ ይሰማል።

የአርም ቁጠባ በእቅድ የተጀመረ አለመሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በካምብሪጅ የሚገኘው ኤኮርን የተባለው የኮምፒውተር ድርጅት የመጀመሪያውን የአርም ፕሮሰሰር ከአምራቹ ቪኤልኤስአይ ቴክኖሎጂ የተረከበው በኤፕሪል 26 ቀን 1985 ነበር። ሶፊ ዊልሰን የትእዛዝ ስብስቡን፣ ስቲቭ ፈርበር ደግሞ የቺፑን አወቃቀር ነድፈው ነበር፤ ሁሉም ነገር በ25 ሺህ ገደማ ትራንዚስተሮች የተሠራ ነበር። ኃይል እንዲቆጥብ የፈለጉት ለባትሪ ብለው ሳይሆን፣ የሚያወጣው ሙቀት ርካሹን የፕላስቲክ ማቀፊያ እንዳያቀልጥባቸው ነው። ፈርበር ደጋግሞ እንደተረከው፣ ቺፑን ሲፈትሹ የኤሌክትሪክ መለኪያው ዜሮ አነበበ፤ ነገሩ ሲጣራ የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም፣ ፕሮሰሰሩ ግን በምልክት ማስገቢያ መስመሮቹ ሾልኮ በሚገባው ጥቂት ኃይል ብቻ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ጠባይ ለሌሎችም የታያቸው። በኖቬምበር 1990 ኤኮርን፣ አፕልና ቪኤልኤስአይ ቴክኖሎጂ አርም የተባለውን የጋራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ኤኮርን 12 መሐንዲሶችን፣ አፕል ገንዘብ፣ ቪኤልኤስአይ የንድፍ መሣሪያና የማምረት አቅም ይዘው ነበር የመጡት። አፕል ፍላጎቱ በ1993 ላወጣው ኒውተን ለተባለ የእጅ ኮምፒውተር የሚሆን ፕሮሰሰር ማግኘት ነበር። አዲሱ ድርጅት ቺፕ ከማምረት ይልቅ ንድፉን በፈቃድ ማከራየትን መረጠ፤ ስለዚህ ከሌላው ጋር መሥራት ለአርም ከጊዜ በኋላ የመጣ ስልት ሳይሆን የተቋቋመበት መንገድ ነው።

ትብብሩ ምን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል በደንብ ያሳየው፣ በእኔ እይታ፣ በ1996 የወጣው ስትሮንግአርም ነው። ዲጂታል ኢኪውፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው ኩባንያ በዘመኑ እጅግ ፈጣን የነበረውን፣ ነገር ግን በአሥሮች የሚቆጠር ዋት የሚበላውን አልፋ የተባለ ፕሮሰሰር የሚሠራ ነበር፤ ያንኑ የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ ጥበቡን ይዞ ከአርም ጋር ሲሠራ በ160 ሜጋኸርዝ የሚመታ፣ ከግማሽ ዋት በታች የሚበላ ፕሮሰሰር ተገኘ። ኃይል አባካኙን ፕሮሰሰር የሠራ እጅ ቆጣቢውንም መሥራቱ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። ስናፕድራገን ኤክስ ኤሊትን ስመለከት ተመሳሳይ ነገር ይታየኛል፤ ከአንዱ ቤት የወጣ የኮር ንድፍ ዕውቀት ከሌላው ቤት የስልክ ልማድ ጋር ተጋብቷል።

አሁን ወደ ስፌቱ ልሂድ። ዊንዶውስ በአርም ላይ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ አርቲ ለኤክስ86 የተጻፉትን የቆዩ ፕሮግራሞች ጨርሶ ስለማያስኬድ ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት የኤክስ86ን ትእዛዝ ወደ አርም የሚተረጉም ኢምዩሌተር አበጀ፤ መጀመሪያ ለባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ ለባለ 64 ቢት ጭምር፤ በ2024ም ፕሪዝም በሚል ስም አሻሽሎ አቀረበው። ፕሪዝም ጥሩ ሥራ ነው። ከምጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ለአርም ተብለው የተዘጋጁ ናቸው፤ ለምሳሌ ጉግል ክሮም በማርች 2024፣ ላፕቶፖቹ ከመውጣታቸው ሦስት ወር ቀድሞ፣ ለአርም ዊንዶውስ የሚሆን ዝግጅቱን አውጥቷል። የቀሩትን ፕሪዝም ሲተረጉምልኝ ብዙውን ጊዜ ልብ አልለውም። ልብ የምለው ባትሪው ከወትሮው ፈጥኖ ሲወርድ ነው፤ ትርጉም ራሱ ሥራ ስለሆነ ኃይል ይበላል፣ ቆጣቢ ፕሮሰሰር ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስተረጉመው የሚውል ሰው ከብልጫው ግማሹን በገዛ እጁ ያጣዋል።

ትርጉሙ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም የዊንዶውስ እምብርት ነው። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ድራይቨሮች፣ ማለትም ዕቃዎችን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች፣ በኢምዩሌተር አይሄዱም፤ ለአርም ተብለው እንደገና መዘጋጀት አለባቸው። ይህ ማለት የአንድ ዕቃ ሠሪ ድራይቨሩን ለአርም ካላዘጋጀ፣ ኳልኮምም ማይክሮሶፍትም የላፕቶፑ ሠሪም ተደምረው ሊረዱ አይችሉም። እኔን ያጋጠመኝ በስካነር ነው። ለዓመታት ያለ ችግር ያገለገለኝን ስካነር ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው መጫኛ ፕሮግራሙ ያለምንም ቅሬታ ተከፍቶ፣ አረንጓዴውን መስመር እስከ መጨረሻው ሞልቶ፣ በመጨረሻ ዕቃው አልተገኘም አለኝ። ገመድ ቀየርኩ፣ መልሼ ጫንኩ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አጠፋሁ። ለሠሪው ድርጅት ስጽፍ የመጣልኝ መልስ ጨዋና አጭር ነበር፤ ለዚህ ሞዴል የአርም ድራይቨር የማዘጋጀት እቅድ የለም። በሕግም በውልም ተጠያቂ የሚሆን ሰው የለም። ስካነሩን የሠራው ድርጅት የትብብሩ አባል አልነበረም፣ ዕቃውን ሲሸጥልኝም ዊንዶውስ ያለበት ሁሉ በኤክስ86 ላይ ነው ብሎ ማሰቡ አያስወቅሰውም።

በዚሁ ምክንያት የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ዕቃዎች ተመሳሳይ ናቸው፦ አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤኖች (ከርቀት ከመሥሪያ ቤቱ መረብ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች)፣ የቆዩ ማተሚያዎች፣ የሙዚቃ ቀረጻ መሣሪያዎች፣ በተለይም በኢንተርኔት የሚጫወቱ ጌሞች ማጭበርበርን ለመከላከል ወደ ዊንዶውስ እምብርት የሚያስገቧቸው ተቆጣጣሪዎች። ጌም ዋና ጉዳዩ የሆነ ሰው ይህን ፕሮሰሰር ባይገዛ ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን የሚያስብም ታጋሽ መሆን አለበት። በተለመዱት ላፕቶፖች ላይ ፈርምዌሩ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ ተጭኖ የሚመጣው መነሻ ፕሮግራም፣ ምን ዕቃ የት እንዳለ ለሊኑክስ ይነግረዋል፤ እዚህ ግን ለእያንዳንዱ የላፕቶፕ ሞዴል ለብቻው የተጻፈ የዕቃ መግለጫ ፋይል ስለሚያስፈልግ፣ በአንዱ ሞዴል ላይ የሠራው ድምፅ ወይም ካሜራ በሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል።

ከአፕል ጋር ማነጻጸር አይቀርም። አፕል በኖቬምበር 2020 ኤም1 የተባለውን የአርም ፕሮሰሰሩን ሲያወጣ ፕሮሰሰሩም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም፣ ላፕቶፑም የራሱ ነበሩ፤ ከኤክስ86 የሚሸጋገርበትን ቀን የቆረጠውም እሱ ራሱ ስለሆነ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች መከተል እንጂ መምረጥ አልቻሉም። በዊንዶውስ ዓለም ግን አዛዥ የለም። ኤክስ86ም አርምም ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ድራይቨር የሚጽፍ ድርጅት ለአርም ማዘጋጀትን ለነገ ለማሳደር ሁልጊዜ ምክንያት ያገኛል። ይህ የስናፕድራገን ጉድለት አይደለም፣ የገዢው ችግር መሆኑ ግን አይቀርም።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቁጠባ የአርም ርስት አለመሆኑ ነው። ኢንቴል በሴፕቴምበር 2024 ያወጣው ሉናር ሌክ የኤክስ86 ፕሮሰሰር ሲሆን ዋናውን ማህደር ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ማቀፊያ ላይ በማስቀመጥ፣ ለአንድ ኮር ሁለት የሥራ ክር የመመደብን የቆየ ስልት በመተውና የስሌት ክፍሉን በራሱ ፋብሪካ ሳይሆን በቲኤስኤምሲ በማስመረት የባትሪ ዕድሜውን በእጅጉ አሻሽሏል። ከዚህ የምረዳው፣ የትእዛዝ ስብስቡ የሚሰጠው ብልጫ እንዳለ ሆኖ፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ነዳፊው ለቁጠባ የሰጠው ትኩረት መሆኑን ነው። ስናፕድራገን ባይመጣ ኖሮ ኢንቴል ይህን ያህል ይቸኩል ነበር ብዬ ግን አላምንም።

ለገዢ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር ልጨምር። ኤክስ ኤሊት የሚለው ስም አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ኤክስ1ኢ-84-100 የተባለው ሁሉም ኮሮች በ3.8 ጊጋኸርዝ የሚመቱበት ሲሆን ሁለት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ ወደ 4.2 ከፍ ይላል፤ ኤክስ1ኢ-80-100 በ3.4 እየሠራ ወደ 4.0 ይወጣል፤ ኤክስ1ኢ-78-100 ግን በ3.4 ተወስኖ ይቀራል፣ ከፍታ የለውም። የማስታወቂያው ገጽ ብዙ ጊዜ ትልቁን ስም ብቻ ስለሚያሳይ፣ ቁጥሩን በዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎ ማየት ይገባል። የእኔ የመጨረሻው ነው፤ ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ አልታወቀኝም። በሴኮንድ 45 ትሪሊዮን ስሌት ይሠራል የተባለለት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል ደግሞ በማስታወቂያው ላይ ካለው ቦታ አንጻር በእኔ ቀን ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ነው፦ በቪዲዮ ስብሰባ ጊዜ ከጀርባዬ ያለውን ያደበዝዛል፣ ይህንንም ፕሮሰሰሩን ሳያግል ያደርገዋል፣ በቃ።

ተባባሪዎቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ በፍቅር አልኖሩም። አርም በኦገስት 2022 ኳልኮምን ከሶ ነበር፤ ክርክሩ ኑቪያ ከአርም የተቀበለው ፈቃድ በሽያጭ ለኳልኮም ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም የሚል ነበር። በዲሴምበር 2024 በዴላዌር የተሰየመው የዳኞች ጉባኤ የኳልኮም ቺፖች በራሱ በኳልኮም ፈቃድ የተሸፈኑ ናቸው ብሎ ወሰነ፣ በአንደኛው ጥያቄ ላይ ግን ሳይስማማ ቀረ። ገዢው ይህን ማወቅ ባያስፈልገውም፣ አንድ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ድረስ በስንት ሰዎች ውል ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቆይ ያሳያል።

እንግዲህ ማን ይግዛው ለሚለው፣ ሥራው በጽሑፍ፣ በኢንተርኔት ገጾች፣ በስብሰባና በታወቁ ፕሮግራሞች ላይ ለሆነ፣ ከሶኬት ርቆም ለሚውል ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከመግዛቱ በፊት ግን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኛቸውን ዕቃዎች በሙሉ በወረቀት ላይ ጽፎ፣ እያንዳንዱ የአርም ድራይቨር እንዳለው ከሠሪው ድረ ገጽ ያረጋግጥ፤ እኔ ያልሠራሁት ይህን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ አሁንም ከቻርጀሩ ጋር ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል፤ በወር አንድ ጊዜ ይበራል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስካነሩን ያስነሳል፣ ተመልሶም ይዘጋል።